የ1977 ክረምት በኡም ራኩባ መንገድ

በ1977 ዓ.ም. ክረምት የምኖረው በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ከተማ ዳር በሚገኘው የተዋዋ የስደተኞች ሰፈር ነበር። ከአገር ስወጣ ይዤ የወጣሁት የሾፌርነት ሙያዬን ብቻ ስለነበር ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ፒክአፕ እየነዳሁ እተዳደር ነበር። መኪናዋ ብዙ ሾፌር የተፈራረቀባት ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። የምንጭነው መድኃኒት፣ ለተቅማጥ ሕሙማን በውሃ የሚበጠበጥ ጨውና ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ ብስኩት ነበር፤ የምናደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ ኡም ራኩባ ካምፕ ነው።

ያ ዓመት ለምሥራቅ ሱዳን ከባድ ዓመት ነበር። ድርቅና ጦርነት ያፈናቀለው ወገናችን በእግሩ ድንበር ተሻገረ። በአትባራ ወንዝ ዳር ወድ ኮውሊ ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰፈረ፤ ውሃው አልበቃ ሲል ብዙዎቹ ወደ ሳፋዋ ተዛወሩ። በኡም ራኩባ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በበሽታ አልቀው ነበር። ከተረፉት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም ተወስደው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። መጋቢት 28 ቀን የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ከሥልጣን ወረዱ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ሲለምነው የከረመው ዝናብ ጣለ፤ መንገዱም ተዘጋ።

የገዳሪፍ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ሰሊጥና ማሽላ እንደ ልብ የሚያበቅለው እሱ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲነካው ያብጣል፤ ጎማ ላይ ተለጥፎ የጎማውን ጥርስ ይደፍነዋል። ያኔ ከአስፋልቱ ወጥቶ በዶካ በኩል ወደ ኡም ራኩባ የሚወስደው መንገድ የአፈር ነበር። ክረምት ላይ ከባድ መኪና ይቆማል፤ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር ብቻ ይንቀሳቀሳል። የእኛ ትንሽ ፒክአፕ ተስፋዋ በአራቱም ጎማ መሳቧ ነበር።

እሱ ደግሞ ከዳን። ትንሿን ማርሽ ወደ አራት ጎማ ስከታት ትገባለች፤ በዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ይበራል፤ መኪናዋ ግን የኋላ ጎማዋን ብቻ እያሽከረከረች ትሰምጣለች። ከተማ ውስጥ ያሳየነው ጋራዥ ኃይል ማከፋፈያው ካምቢዮ ተበልቷል፣ መለዋወጫው ከካርቱም መታዘዝ አለበት ብሎ ነበር። እስከዚያ ድረስ መኪናዋ ትቁም ማለት ነው። ካምፑ ግን መድኃኒት እየጠበቀ ስለነበር እንዲሁ ጭነን ወጣን።

ከዶካ ወዲያ ጭቃ ውስጥ ስንያዝ አብረውን የነበሩት የካምፑን የውሃ ፓምፕ ሊጠግኑ የሚሄዱ አንድ የጎንደር ሰው፣ የዕድሜ ባለጸጋ መካኒክ ነበሩ። ካምቢዮው እንደተበላ የተነገረንን አጫወትኳቸው።

«መብራቱ የሚነግርህ ማርሹ መግባቱን ነው፤ ጎማው መሳቡን አይደለም» አሉኝ። «ኃይሉ ከሞተር ተነሥቶ የት ድረስ እንደሚደርስ እንከተለው። ሳናውቅ አንፈታም።»

ማርሹን አስገብቼ በዝግታ ነዳጅ እንድሰጥ አዘዙኝና እሳቸው ከጎን ራቅ ብለው፣ ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር ተመለከቱ። ከካምቢዮው ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ እየዞረ ነበር፤ የፊት ጎማዎቹ ግን ቆመዋል። «በል አጥፋው። ካምቢዮው ደኅና ነው። ኃይሉ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው» አሉ።

እንዲህ ባሉ አሮጌ ፒክአፖች፣ የጎማው እምብርት በሆነው የፊት ሞዞ ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። ሲከፈት ጎማው ከውስጥ ዘንጉ ተላቆ ለብቻው ይዞራል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ሲቆለፍ ውስጥ ያለው ባለጥርስ ቀለበት ተንሸራትቶ ጎማውንና ዘንጉን ያያይዛል። እኔ ሁለቱንም ቆልፌያለሁ፤ ምልክቱም መቆለፉን ያሳያል።

ረዳቴ ክሪኩን በሳንቃ ላይ አስቀምጦ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ ፊቷን አነሣን። ማርሹ በአራት ጎማ ላይ እንዳለ ግራውን ጎማ ስናዞር ከበደን፤ የማርሽ ድምፅም ተሰማ። በደኅና መኪና ግራው ሲዞር ቀኙ ወደ ተቃራኒው መዞር ነበረበት፤ አልነቃነቅ አለ። ቀኙን ለብቻው ስናዞረው ደግሞ ያለ አንዳች ክብደት ተሽከረከረ። ጥፋቱ ተገኘ።

«አንዱ ብቻ ከተበላሸ ግራው ለምን አልሳበም ጋሼ?» አልኳቸው።

«ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚለቀው ወደ ቀለለው ነው ልጄ። ቀኝ በኩል ዘንጉ ባዶውን ከዞረ ለግራው የሚተርፍ የለም። አንድ ሞዞ ካልያዘ የፊት እግር የለህም።»

ያችን ቃል አርባ ዓመት ስነዳባት ኖሬያለሁ። የቀኙን ሞዞ ክዳን ቡሎኖች ፈትተን ስንከፍተው ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ጓርኒሲዮን ተቀዷል፤ ውሃና ጭቃ ገብቶ ከአሮጌው ግሪስ ጋር ተቦክቷል። ባለጥርሱን ቀለበት የሚገፋው ስፕሪንግ ነው፤ የወፈረውን ግሪስ ማሸነፍ አልቻለም። ከውጭ ምልክቱ ቢዞርም ውስጡ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። መካኒኩ በቤንዚን አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ስስ ግሪስ ቀቡት። ሞልተን እንቀባው ስላቸው ከለከሉኝ፤ የበዛ ግሪስ ሲወፍር ያንኑ ቀለበት መልሶ ይይዘዋል። ከብስኩት ካርቶን በመቀስ ጓርኒሲዮን ቆርጠው ገጠሙት። ግራውንም ከፍተው አጸዱት። እንደገና ሲሞክሩት ግራው ሲዞር ቀኙ ወደ ተቃራኒው ዞረ።

ጭቃውን ከጎማዎቹ ፊት ዝቀን፣ የጣልሃ ቅርንጫፍ አንጥፈን፣ በከባዱ ማርሽ ነዳጅ ሳላበዛ ለቀቅኳት። የፊት ጎማዎቹ ነክሰው ይዘው ወጣች። ኡም ራኩባ የደረስነው ከመሸ ነው። የክሊኒኩ ነርስ ካርቶኖቹን በፋኖስ እየቆጠረች ተረከበችን፤ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጨውን በውሃ በጥብጠው በማንኪያ ሲያጠጧቸው ቆሜ አየሁ። ለእኔ የመኪና ጥገና ትርጉም ያኔ ተለወጠ። ያ ሞዞ ባይፈታ ኖሮ እነዚያ ካርቶኖች ዶካ መንገድ ላይ ያድሩ ነበር።

ኡም ራኩባ በኋላ ተዘጋ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለተሰደደው ሕዝብ ዳግመኛ ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሕዝቡ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከገላባት ወደ መተማ ጎረፈ። አፈሩ ያው ዋልካ ነው፤ ክረምቱም ያው ነው።

ስለዚህ በመተማ፣ በቋራ፣ በሁመራና በዚያ ማዶ አሮጌ ፒክአፕ ለምትነዱ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ሰኔ ሳይገባ ሁለቱን የፊት ሞዞዎች ክፈቱ፣ እጠቡ፣ በስሱ ቅቡ፣ ጓርኒሲዮኑን ለውጡ። ፊቷን አንሥታችሁ ጎማውን በእጃችሁ አዙሩ፤ በመብራቱ ብቻ አትመኑ። በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱን ጎማ አስገብታችሁ አትንዱ፤ ማርሹ ይጠመዘዝና አልወጣ ይላል። መኪና የምታሰማሩ የእርዳታ ድርጅቶችም ለግሪስና ለጓርኒሲዮን የሚሆን ገንዘብ ከመድኃኒቱ በጀት ጋር አብራችሁ ያዙ። መድኃኒቱ ከሕሙማኑ የሚደርሰው መኪናዋ ከደረሰች ብቻ ነው።