መጠብ

በገዳሪፍ ጎዳና የስፖርት መኪና ማየት ብርቅ ነው። ይሁንና አምስት ሰው ከነጓዙ የተሳፈረባት አሮጌ ኮሮላም ኋላዋ ተጎትቶ ከዚያ እምብዛም አትሻልም። ሱዳናውያን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን «መጠብ» ይሉታል። ቃሉን ወደ አማርኛ መመለስ ቀላል ነው፤ ማርሚታ ሳይነካ መሻገሩ ግን ሌላ ሙያ ነው።

ከ2015ቱ ጦርነት በፊት፣ ከጋላባት ወደ ገዳሪፍ ስንጓዝ፣ አንዲት ታማሚ እናት በኋላ ወንበር ተጋድመው ነበር። መኪናዋ እንድትቀል እኛ ወረድን፤ እሳቸውን ማውረድ ግን የማይታሰብ ነበር። ሾፌሩ አስቀድሞ ፍጥነቱን ገደለ፤ ጎማው ጉብታውን ሊነካ ሲል ፍሬኑን ለቀቀ፤ ፍሬን የተያዘባት መኪና አፍንጫዋን ትደፋለችና። ከፊት የሚመጣ አለመኖሩን አይቶ መሪውን አጣመመና በሰያፍ ገባ። አራቱ ጎማዎች በየተራ ወጥተው በየተራ ወረዱ።

በሰው እጅ የተሠራው ጉብታስ ቢያንስ ቦታው ይታወቃል። የዚያ አገር ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ መንገዱ ምልክት የሌለው ጉብታ ከራሱ ያበቅላል። እንዲህ ያለውን ሾፌሩ የሚያውቀው በጥላው ነው፤ በምሽት ደግሞ በግምት።

ተመልሰን ስንሳፈር እናቲቱን አየኋቸው። እንቅልፍ ወስዷቸዋል።