ዘመድ የሌለበት ገጠር

መስከረም አጋማሽ ላይ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ያህል ሱቅ ለምን እንደተዘጋ አይጠይቅም። ጉራጌው ለመስቀል አገሩ ገብቷል። ወደ ወልቂጤ፣ ወደ እምድብርና ወደ ቡታጅራ የሚሄዱት አውቶቡሶች በሰውና በጓዝ ተጨናንቀዋል፤ የበሬው ገንዘብ ቀድሞ ተልኳል፤ ቆጮውና ቅቤው ተሰናድቶ ይጠብቃል። የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚበላ፣ ልጆቹ በምን እንደሚውሉ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር የለም። የሚታደረው አያት ቤት ነው። የሚበላው ክትፎ ነው። ልጆቹ ከአጎትና ከአክስት ልጆች ጋር ጠፍተው ይውሉና ሲርባቸው ይመጣሉ። ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ሰላሌ የሚዘልቀውም ቤተሰብ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ገጠር መሄድ ማለት ሰው ጋ መሄድ ነው።

እንግሊዝ አገር የሚኖረው ሐበሻ ወደ ገጠር ሲወጣ ግን የሚያውቀው ሰው አይጠብቀውም። የተከራየው ቤት በር ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል የለም፤ ቁልፉ በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አያት ሳትቆጥረው ትሠራው የነበረው ሁሉ፣ ማለትም መኝታው፣ ምግቡ፣ መንገድ ማሳየቱና ልጆችን ማዋሉ፣ እዚህ ከወራት በፊት የሚታሰብበት ሥራ ይሆናል። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነገሩ ቀላል ነው፤ በግና ዳክዬ ካዩ ይበቃቸዋል። 14 እና 16 ዓመት ሲሞላቸው ግን በግ ለማየት ስድስት ቀን ከጓደኞቻቸው ተለይተው የሚከርሙበት ምክንያት አይታያቸውም።

የመጀመሪያው ፈተና ቀን መቁረጥ ነው። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የበጋ ዕረፍት ከጁላይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ያህል ነው። ብዙ ይመስላል። ቀን መቁጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ግን ጾመ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 መሐሉን ይይዘዋል። ፍልሰታ ደግሞ ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት፣ ቅዳሴው የማይቀርበት ጾም ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ከቤተ ክርስቲያን መራቅ የማይፈልጉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። በዚያው መካከል ሌላ ነገር አለ፦ የኤ-ሌቭል ፈተና ውጤት በኦገስት አጋማሽ አንድ ሐሙስ ይወጣል፣ የጂሲኤስኢው በሚቀጥለው ሐሙስ። ውጤት የምትጠብቅ ልጅ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ማሳደር ጭካኔ ነው። የሚቀረው እንግዲህ የጁላይ መጨረሻ ሳምንትና ከኦገስት 22 በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው በወሩ የመጨረሻ ሰኞ ከሚውለው የባንክ በዓል ጋር ስለሚገጥም ቦታው ይጣበባል።

«ታዲያ በጁን፣ ዋጋው ሳይወደድ ብንሄድስ?» የሚል አባት አይጠፋም። አገር ቤት ለሠርግ ወይም ለተዝካር ልጅን ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ማስቀረት ለመምህሩ ከመንገር አያልፍም። በእንግሊዝ ግን በአሥር የትምህርት ሳምንታት ውስጥ ያለ ፈቃድ አምስት ቀን ያህል የቀረ ተማሪ ወላጆቹን ለቅጣት ያጋልጣል። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቅጣቱ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 80 ፓውንድ፣ ካለፈ 160 ፓውንድ ሲሆን የሚታሰበውም በእያንዳንዱ ወላጅና በእያንዳንዱ ልጅ ነው። ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ ካለ 320 ፓውንድ ማለት ነው። በርካሽ የተገኘው ኪራይ እዚያው ላይ ይበላል። ጂሲኤስኢ የጨረሰው የ16 ዓመቱ ልጅ ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ነፃ መሆኑ ደግሞ ለታናሹ ምንም አይፈይድለትም።

አገር ቤትም ቢሆን ወቅቱ ሌላ ነው። ተማሪ የሚያርፈው በክረምት፣ ወንዝ ሲሞላና መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ገበሬውም ፋታ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ዘመድ ጥየቃው መስቀልን፣ ገናን ወይም ፋሲካን ይጠብቃል። እንግሊዞች በጋ የሚሉት ጊዜ ለሐበሻ አካል ዛሬም ክረምት ነው፤ ዝናቡም አንዳንድ ዓመት ይህን ያረጋግጣል።

መኪና ለሌለው የለንደን ቤተሰብ ፒክ ዲስትሪክት የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ጥሩ መነሻ ነው። ከሴንት ፓንክራስ ሸፊልድ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ ኢዴል የምትባለው መንደር ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት፤ ተራራው ከጣቢያው ሲወጡ ፊት ለፊት ይታያል። የልጆች ዕድሜ እዚህም ዋጋ አለው። የቤተሰብ የባቡር ካርድ ለአዋቂዎች ከዋጋው አንድ ሦስተኛ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች 60 በመቶ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ያለ ቢያንስ አንድ ልጅ አብሮ ካልተጓዘ አይሠራም። 16 እና 17 የሞላው የራሱ ሌላ ካርድ አለው፣ ግማሽ ዋጋ።

ማደሪያው ላይ ሐበሻ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ወጥ ቤት አለው ወይ?» ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተው የወጣቶች ሆስቴል ማኅበር ለቤተሰብ የሚሆኑ ክፍሎችና እንግዶች በጋራ የሚያበስሉባቸው ወጥ ቤቶች አሉት፤ ለጎረምሶችም ሌሎች እኩዮቻቸው ስለማይጠፉ ከብቸኛ የገጠር ቤት ይሻላል። የገጠር ቤት የመረጠ በበጋ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሳምንት ለመከራየት ይገደዳል። ስንቁ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ቦርሳ አያከብድም፣ ከእግር ጉዞ የተመለሰ ልጅ የድርቆሽ ፍርፍር ቢቀርብለት አያማርጥም። ቡናው ተቆልቶ ቢሄድ ይመረጣል፤ የተከራዩት ቤት የጭስ ማስጠንቀቂያ ቡና መቁላትን ከእሳት አደጋ አይለይም።

ወላጆችን በጣም የሚያስገርማቸው መንገዱ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሕዝብ የእግር መንገድ አለ፤ አብዛኛው የሚያልፈው በግል መሬት ላይ ነው። ቢጫ ቀስት የእግረኛ፣ ሰማያዊው ፈረስና ብስክሌትም የሚሄዱበት ነው። ገጠር ያደገች እናት ግን የሰው ማሳ አቋርጦ መሄድ ይከብዳታል፤ ባለቤቱን ሰላም ሳይሉ፣ «በርቱ» ሳይሉ እንዴት ይታለፋል? ባለቤቱ የለም። በጎቹ በድንጋይ ካብ ታጥረው ያለ እረኛ ይግጣሉ። በሩን እንዳገኙት ትቶ ማለፍ፣ ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ፣ ከመንገደኛው የሚጠበቀው ጨዋነት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ነው የትልልቆቹ ልጆች ጊዜ የሚመጣው። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ብዙ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረውን የዲዩክ ኦፍ ኤዲንብራ አዋርድ ከ14 ዓመታቸው ገደማ ጀምረው ይሞክራሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት በእግር እየተጓዙ፣ ካርታ እያነበቡ፣ የራስን ምግብ እያበሰሉና ድንኳን ውስጥ እያደሩ ማለፍን ይጠይቃል። አራት ሴንቲ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ማንበብ የሚችለው በቤቱ ውስጥ ያ አኩራፊ ልጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካርታውን ለእሱ መስጠት እሱን ለማባበል አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው። አባት ከላሟና ከጥጃዋ መሐል እንዳይገቡ ይነግራል፣ ልጅ አቅጣጫ ያሳያል። አንዱን ቀን ከነገንዘቡ ጠቅልሎ ለልጆቹ መተውም ያዋጣል፤ በካስልተን ዋሻዎች፣ በ1936 በተከፈተው የሃዘርሴጅ የውጭ መዋኛ ወይም በቀድሞው የባቡር ሐዲድ ላይ ዋሻ እያቋረጡ በብስክሌት በሚሄዱበት የሞንሳል መንገድ መካከል ይምረጡ። እስከ ቀትር መተኛትን ከመረጡም ምርጫቸው ነው።

ታሪኩም ለእነሱ ቅርብ ነው። ከኢዴል በላይ ያለው ኪንደር ስካውት በአንድ ወቅት ለአደን የተከለለ የግል መሬት ነበር። ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ወጣት የማንችስተር ሠራተኞች፣ ክልከላውን ጥሰው ወጡ፤ ከጠባቂዎቹም ጋር ተጋጩ። አምስት ወጣቶች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን ከሮማንያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ልጅ ነበር፣ ገና 20 ዓመቱ። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፣ በ1951 ፒክ ዲስትሪክት የመጀመሪያው ፓርክ ሆነ። «ይህ ገጠር የፈረንጅ ነው፣ እኛ እዚያ ምን እንሠራለን?» ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ጥያቄው ግን የልጅ ኩርፊያ ብቻ አይደለም፤ ስለ ብሔራዊ ፓርኮች በ2019 ለመንግሥት የቀረበው የጁሊያን ግሎቨር ሪፖርትም አንሥቶታል። ሸፊልድ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ወንዶች ከ2004 ጀምሮ በቡድን ወደነዚህ ተራሮች ሲወጡ ኖረዋል፤ የእነሱ ጉዞ በ2018 ቴአትር ሆኖ ለመድረክ በቅቷል።

ከፍታው ለሐበሻ ያስቃል። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ኪንደር 636 ነው፣ ጎረቤቱ ማም ቶር 517። «ይሄም ተራራ ተብሎ!» ብሎ በሸራ ጫማ የወጣ አባት ግን አናቱ ላይ ጉም ሲወርድ ሳቁ ያልቃል። የነፍስ አድን ቡድኖቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በኦገስትም ሥራ አይፈቱም። የዝናብ ልብስና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ የግድ ነው፤ አዲስ መግዛት ለሚከብደው የበጎ አድራጎት ሱቆች አሉ።

በጋው ያልተመቸው ቤተሰብ የኦክቶበር መጨረሻ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ይቀረዋል። የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም፣ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ የለም፣ ዋጋውም ከኦገስት ይቀላል። ችግሩ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ጀንበር በፈረንጅ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ሳይሞላ መጥለቋ ነው። ስለዚህ ጉዞው በጠዋት መጀመር አለበት፤ ካርታ አንባቢውን ከአልጋ የማስነሣቱ ሥራ ደግሞ ለእናትና ለአባት ይቀራል።