ራሳቸው ይጫኑት

በብዙ ቤቶች ቡፌ መሳቢያ ውስጥ፣ ካረጁ ሞባይሎችና ከተጠላለፉ ቻርጀሮች ጋር፣ አንድ ጥቁር ስስ ሰሌዳ የመሰለ ዕቃ ተኝቶ አያለሁ። ከውጭ አገር ልጅ የላከው የመጽሐፍ ማንበቢያ ነው። ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ተበላሸ»። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዘመድ ጎረቤት ስጠይቅ እንዲህ ያሉትን ሦስት አራት ማንበቢያዎች አንስቼ አይቻለሁ። ከአንዱ በቀር አልተበላሹም ነበር። አንዱ ቻርጁ አልቆ ነው፤ ሌላው አንድ ገጽ ላይ ደርቆ ቀርቶ ነው። የጎደለው ከተጠቃሚው አጠገብ ተቀምጦ የሚያሳይ ሰው ነበር።

ይህን የምጽፈው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ነርስ ነበርኩ፤ 34 ዓመት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሠርቻለሁ። ነገር ግን ይህ ዕቃ የታላቅ ወንድሜን ውሎ ሲለውጥ አይቻለሁ። በትንሽ ምክንያት ተጥሎ ሊቀር ሲልም አይቻለሁ።

ወንድም ጋሼ 76 ዓመታቸው ነው። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እኛ ዘንድ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጋዜጣ ሲያነቡ የጨረታ ማስታወቂያውን እንኳ አይዘሉም ነበር። ግራ ዓይናቸውን ግላኮማ ሳይታወቅ ጎድቶታል። ቀኙ የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ደህና ያያል፤ ደቃቅ ጽሑፍ ግን ያስቸግረዋል። ግላኮማ አንዴ የወሰደው ብርሃን አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። እሳቸው «ማንበብ አቃተኝ» ብለው አያውቁም። አንድ ቅዳሜ ግን «ጋዜጣ መግዛቱን ተዉት፤ ዜናው ሁሉ አንድ ነው» አሉ። በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት «አልራበኝም» የሚል በሽተኛ ሁሉ ጠግቦ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቀኑን በረንዳ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ያሳልፉ ጀመር። ቡና ሲቀርብ እንኳ ጨዋታቸው አጠረ።

ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ይህን በስልክ ስትሰማ ማንበቢያውን በሰው ላከች። «ታብሌት ለምን አልሆነም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ልዩነቱን ኋላ ነው ያየሁት። የስልክና የታብሌት ስክሪን ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ዓይናችን ይልካል። የዚህኛው ገጽ ግን ኢ-ኢንክ በሚባል ቴክኖሎጂ የተሠራ ነው። ከገጹ ሥር የፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ የሆኑ እጅግ ብዙ እንክብሎች አሉ፤ በየእንክብሉም ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ። ኤሌክትሪክ ጥቁሩን ወደ ላይ ሲያወጣው ፊደል ይሆናል፤ ነጩን ሲያወጣው ወረቀት ይመስላል። ገጹ አንዴ ከተሳለ በኋላ ባለበት ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ለዚህ ነው አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለሳምንታት የሚቆየው፤ በረንዳ ላይ በፀሐይም እንደ ወረቀት የሚነበበው። መብራት ያላቸውም ቢሆኑ ብርሃኑን ከጠርዝ ተነስተው ገጹ ላይ ነው የሚያፈሱት። ላረጀ ዓይን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፊደሉን እንደፈለጉ ማሳደግ መቻሉ ነው። በዚያ ላይ ስልክ አይጠራበትም፤ መልእክት አይመጣበትም።

መሣሪያው እንደመጣ የ12 ዓመቷ የልጅ ልጄ «ይስጡኝ አባባ፣ እኔ ላስተካክልልዎ» ብላ ከእጃቸው ወሰደችው። በአንድ ደቂቃ ከፍታ፣ አስተካክላ መለሰችላቸው። በማግስቱም ያው፤ በሦስተኛው ቀንም ያው። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ግን መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ይውላል። ልጅቷ ይህን የምታደርገው በፍቅር ነው። እኔ ግን ሳያት የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ሲጀምር እኛ ብንወጋው ሥራው ይፈጥናል። ቤቱ ገብቶ ብቻውን ሲሆንስ? ስለዚህ መድኃኒቱን ራሱ ቀድቶ፣ ራሱ እስኪወጋ ድረስ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን እንቆም ነበር። እጁ ቢንቀጠቀጥም አንነጥቀውም።

ለልጅቷ ይህንኑ ነገርኳትና አዲስ ደንብ አወጣን። መሣሪያው ከአባባ እጅ አይወጣም፤ እሷ በአፏ ብቻ ታስተምራለች። በመጀመሪያው ቀን መክፈትና መዝጋት፣ በሁለተኛው ቀን ገጽ መግለጥና መመለስ፣ በሦስተኛው ቀን ፊደል ማሳደግ። በቀን ከአንድ ነገር በላይ የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አረጋውያን ስክሪን ሲነኩ አጥብቀው ይጫናሉ፤ ጣታቸውንም ቶሎ አያነሱም። ማንበቢያው ደግሞ ረዥም ጭነትን «ይህን ቃል ምረጥልኝ» ማለት አድርጎ ይወስደዋል፤ ያልተጠራ መዝገበ ቃላት ገጹ ላይ ብቅ ይላል። የተኛ ሕፃን ጉንጭ እንደሚነካ ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። ወንድም ጋሼ ይህንን ከያዙ በኋላ ግማሹ ችግር ቀረ።

እንግሊዝኛው ወዲያው ተነበበ፤ አማርኛው ግን አስቸገረን። አንዳንድ ሰው «ይህ ዕቃ አማርኛ አይችልም» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ስለሆነ ላብራራው። በእጃችን የሚገቡ የአማርኛ ፋይሎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የመጽሐፉ ፎቶ የሆነ ፒዲኤፍ ነው። ፎቶ ስለሆነ ፊደሉ ብቻውን አያድግም፤ መሣሪያውን ወደ ጎን አጋድሞ ገጹን ሰፋ አድርጎ ከማየት ሌላ ዘዴ የለውም። ሁለተኛው በድሮ የኮምፒውተር ጽሑፍ የተጻፈ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር ስለነበራቸው፣ ጽሑፋቸው ወደ ማንበቢያ ሲዛወር የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛው በዩኒኮድ የተጻፈ፣ ኢፐብ ወይም ሌላ እውነተኛ ጽሑፍ ነው። የሚፈለገው ይህ ነው። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ መሣሪያው የአማርኛ ፎንት አጥቶ ነው። እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፎንቶች አሉ። በኮቦና በአዳዲሶቹ ኪንድሎች መሣሪያውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ ፎንቱን «ፎንትስ» የሚል ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ማስገባት ነው። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ ፎንቱን ከዝርዝሩ መምረጥ ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ኮምፒውተር የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ይሠራዋል።

በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ወንድም ጋሼ ጠሩኝ። ድምፃቸው ዝግ ብሏል። «ዓይኔ ሳይብስበት አልቀረም። ከፊደሉ ጀርባ ሌላ ፊደል እንደ ጥላ ይታየኛል» አሉኝ። አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው እንዲህ ሲል ልብ ይደነግጣል። መሣሪያውን ተቀብዬ ራሴ አየሁት፤ ጥላው ለእኔም ታየኝ። ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየኋቸው፤ ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ታዩአቸው። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ጥላው ያለው ገጹ ላይ ነው። ያ ቀደም ሲል የነገርኳችሁ ቅንጣት ሁሉ ገጽ ሲገለጥ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ስለማይገለበጥ የፊተኛው ገጽ ፊደል ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ በየገጹ ሙሉ በሙሉ እንዲታደስ ማዘዝ ነው። ገጹ ሲገለጥ ለቅጽበት ጥቁር ብልጭ ይላል እንጂ ጥላው ይጠፋል። ያን ማታ እሳቸው መጽሐፉን ቀጠሉ፤ እኔ ግን ለመተኛት ቆየሁ።

ከዚህ የተረፈውን ትምህርት ላካፍላችሁ። ጥላው ማንበቢያው ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ የመሣሪያው ነው። በወረቀትና በግድግዳም ላይ ከታየ፣ ወይም አምፖል ዙሪያ ቀለበት ከታየ፣ ከሁሉ በላይ ዓይኑ ካመመና ከቀላ ግን ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ፊደል አደገልኝ ተብሎ የዓይን ምርመራና ጠብታ አይቀርም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ መሣሪያው አንድ ገጽ ላይ ደርቆ ቀረ። ወንድም ጋሼ ለማንም ሳይናገሩ ማቀፊያውን ዘግተው ራስጌያቸው አስቀመጡት። አራት ቀን ሳላያቸው ሲያነቡ ቢሰነብቱ ጠየቅኋቸው። «የልጅቷን ገንዘብ አጠፋሁ» አሉ። አረጋዊ ሰው ዕቃ ሲቆምበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ከዚያ አፍሮ ይደብቀዋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። እኔም እንደ በሽተኛ ታሪኩን ጠየቅሁ። ወድቋል? አልወደቀም። ውኃ ነክቶታል? አልነካውም። ቻርጅ የተደረገው መቼ ነው? በዚያው ሳምንት። እንግዲያው የደረቀው ፕሮግራሙ ነው ማለት ነው። ቁልፉን ሳይለቁ ተጭነው እስከ 40 እንዲቆጥሩ አደረግሁ፤ ቆጠራውንም እሳቸው ቆጠሩ። መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሳ ያነበቡበት ገጽ እዚያው ነበር። በዚያው ዕለት በትልልቅ ፊደል ይህን ጽፈን ማቀፊያው ውስጥ ለጠፍነው፦

ገጹ ካልተንቀሳቀሰ፦ ቁልፉን ተጭነው 40 ይቁጠሩ።
ምንም ካልታየ፦ ቻርጅ ላይ ሰክተው አንድ ሰዓት ይጠብቁ።
አሁንም ካልሆነ፦ ይጥሩን። እርስዎ አላበላሹትም።

የመጨረሻውን መስመር የጨመረችው የልጅ ልጄ ናት።

ስለ አያያዝ ጥቂት ልበል። ይህ ዕቃ ከውኃ ቀጥሎ የሚፈራው መጫንን ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ከገጹ ሥር ስስ መስታወት ስላለ፣ ሰው ቢቀመጥበት ወይም ቦርሳ ውስጥ ቁልፍ ቢጫነው ከላይ ጭረት ሳይታይ ውስጡ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ገጹ ግማሹ አይለወጥም፤ መስመር መስመርም ይሠራል፤ ይህን ቁልፍ መጫን አይመልሰውም። ከላይ «ከአንዱ በቀር» ያልኩት እንዲህ የሆነው ነው። ስለዚህ ጠንካራ ማቀፊያ ይግዙለት፤ ትራስ ሥርና ወንበር ላይ አይቀመጥ። ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ አይተው፤ ሙቀት ባትሪውን ይገድለዋል። ለረዥም ጊዜ የማይነካ ከሆነም ባትሪው ባዶ ሆኖ አይቀመጥ፤ በየሁለት ሦስት ወሩ ጥቂት ይሞላ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ቆይታችሁ ሰኩት። የቆየው ዓይነት የኬብል ጫፍ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚገባ በስህተት ሲገፋ መሰኪያውን ይሰብረዋል። እኛ የላይኛውን ፊት በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ምልክት አደረግንበት፤ እሳቸውም በአንድ ዓይናቸው ለይተው ይሰኩታል። ማጽጃው ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ነው። የእኛ ሙያ ሰው እጁ ወደ አልኮል ይሄዳል፤ አልኮሉ ግን ለመርፌ ቦታ ይቆይ።

ውጭ አገር ላላችሁ ልጆችም ይህን አንብቡላቸው። መሣሪያውን ከመላካችሁ በፊት ከፍታችሁ አስተካክሉት፤ የአማርኛ ፎንት ጫኑበት፤ ፊደሉን አሳድጉት። በእናንተ ስም ከተመዘገበና ካርዳችሁ ከተያያዘ፣ በስህተት ተነክቶ መጽሐፍ እንዳይገዛ የመደብሩን በር በይለፍ ቃል ዝጉ። ዋይፋይ የሌለበት ቤትም ቢሆን የስልክ ሆትስፖት ለደቂቃ ተከፍቶ መጽሐፉን ያወርደዋል፤ ጽሑፍ ብቻ የሆነ መጽሐፍ ብዙ ዳታ አይበላም። የሚላከው መጽሐፍ ግን የተገዛ ወይም በነፃ የተፈቀደ ይሁን። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ እያለ፣ ደራሲ የደከመበት መጽሐፍ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ሲዞር እናያለን። ወንድም ጋሼ እንዲህ ያለውን ሲያመጡላቸው «የሰውየውን ዳቦ ልብላ እንዴ?» ብለው ይመልሳሉ።

አሁን በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ያነባሉ። ዓይን እንዲያርፍ በየሃያ ደቂቃው ቀና ብለው ግቢውን ያያሉ። የቅዳሜው ጋዜጣም እንደገና ይገዛል፤ ርዕሱን እሳቸው ያነባሉ፣ ደቃቁን ልጅቷ ታነብላቸዋለች። ከዚያ ይከራከራሉ። ቡና ላይም ስለ አባይ ተፋሰስና ስለ ደናክል በረሃ ሳንጠይቃቸው ይነግሩናል።

እናት አባት ቤት ያላችሁ ሁሉ መሣሪያ ስትሰጡ ሰዓታችሁንም ጨምሩበት። ሦስት ቀን፣ በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ቢዘገዩም ጠብቁ። ቁልፉን እነሱ ይጫኑት።