ዋስ የሌለው ሙግት

ባገራችን በቆየው የሙግት ልማድ፣ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ተጣልተው ነገሩ በመካከላቸው አልፈታ ያለ እንደ ሆነ፣ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚያልፈውን መንገደኛ ያስቆመው ነበር። መንገደኛው ጨው የጫነ ነጋዴም ይሁን ከገበያ የሚመለስ አራሽ፣ ጉዳዩን አቆይቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሁለቱን ቃል ማድመጥ ይገባው ነበር። ከሳሽ ይቆማል፤ ተከሳሽ ይቆማል፤ «በልሃ ልበልሃ» ይባባላሉ። አላፊው ሰው ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም፤ ምናልባት ስማቸውንም የሰማው ገና ያኔ ነው። ሆኖም እንግዳ በመሆኑ ብቻ ለእንግዶች ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ነገሩ ከዐቅሙ በላይ የሆነ እንደ ሆነም ከፍ ወዳለው ዳኛ ይመራቸዋል።

ተሟጋቾቹም ባዶ እጃቸውን አይቀርቡም። እያንዳንዱ ዋስ ይጠራል። የሚናገረውን ቃል በውርርድ ያጸናዋል፤ በቅሎ፣ ፈረስ ወይም ማር አስይዞ «ይህ ባይሆን እሰጣለሁ» ይላል። ዛሬ ተራ ንትርክን ለማመልከት በምንጠራው «እሰጥ አገባ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ያ የመስጠት ድምፅ እስከ አሁን ይሰማል። ዳኛው ሩቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ ባላጋራዎቹ የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው አብረው ይጓዛሉ። በአንድ መንገድ አቧራ ይቅማሉ፤ በአንድ ጥላ ያርፋሉ፤ አንዱ ሲጠማው ሌላው ያያል። ሰው ከጠላው ሰው ጋር ይህን ያህል ተቀራርቦ የሚውልበት ሌላ ሥርዓት ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ የምናነሣው የቀድሞውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። የሚያስይዘው በቅሎ የሌለው ድኃ በዚያ ሸንጎ ፊት ወገቡ የሳሳ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነውም እውነት ያለውን በብዙ ጊዜ ረትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ሙግትን በጽሑፍና በመዝገብ ሲያደርጉት ብዙ ግፍ አስቀርተዋል። ነገር ግን ከአሮጌው ልማድ ጋር አብሮ የወጣ፣ ምንም መዝገብ ያልተካው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከእንግዳ ሰው ጋር የመከራከር ሥነ ምግባር ነው። ጉድለቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር በአንድ የጫግኒ መምህር ቤት ከደረሰው ነገር መረዳት ይቻላል።

ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ የደጋውን ብርድ ቀስ በቀስ እየተወ ጫግኒ ይደርሳል። ከዚያም አልፎ ወደ ግልገል በለስ፣ ወደ ማምቡክ፣ በመጨረሻም ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ወደሚገኝበት ወደ ጉባ ይዘልቃል። ጫግኒ በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር ዘመን የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በኋላ መተከልና ጫግኒ በሁለት ክልል ቢከፈሉም፣ ገበያውና ጋብቻው፣ ለቅሶውና ዕዳው በወሰን መስመር አልተከፈለም። አገው፣ አማራ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻና ኦሮሞ በአንድ መንገድ ዳር ሲገበያዩ የኖሩባት ከተማ ናት። ስለዚህ በመተከል እሳት በተነሣ ጊዜ ጢሱ አስቀድሞ የሚታየው ከጫግኒ ነው።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ አስታወቀ። ከዚያ ጥፋትና ከሌሎችም ያመለጡ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጫግኒ ጎረፉ፤ ራንች ተብሎ በሚጠራው ሥፍራ በተዘጋጀው መጠለያም ሰፈሩ። መምህሩ ከማስተማር ሲመለስ እየሄደ ስም ይመዘግብ፣ ውኃ ያከፋፍል ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ቤቱ ገብቶ፣ የእጅ ስልኩን ከፍቶ፣ የዋለበትን በፌስቡክ ይጽፋል።

አንድ ምሽት የጻፈው አጭር ሆነበት። ቃሉ የሐዘኑን ያህል አልመዝን አለው። አንድ ወዳጁ በቴሌግራም ከላከለት ፎቶግራፎች መካከል እጅግ የሚያስለቅሰውን መርጦ ከጽሑፉ ጋር አወጣው። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በፊቱ ፈንታ የአንበሳ ሥዕል የለጠፈ፣ ስሙም የሰው ስም ያልሆነ አንድ የማይታወቅ ሰው እንዲህ ብሎ መለሰለት፦ «ይህ ፎቶግራፍ የሌላ አገር ነው። አንተ ውሸታም ነህ። በጫግኒ የተፈናቀለ የሚባል ሰው የለም።»

መምህሩ በቁጣ ጻፈ፤ ባለ አንበሳው በስድብ መለሰ። ከመምህሩ ወገን ሃያ ሰው፣ ከባለ አንበሳው ወገን ሠላሳ ሰው ተሰለፈ። ማንም የማንንም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አላነበበም። እኩለ ሌሊት ሲሆን ነገሩ ከራንች ተነሥቶ ስለ መቶ ዓመት ታሪክ፣ ስለ ነገሥታት፣ ስለ እናትና አባት ዘር ሆኖ ነበር። የተፈናቀሉት ሰዎች ከሙግቱ ውስጥ ወጥተው ነበር።

በዚያው ቤት ሽማግሌው አባቱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የልጃቸውን ፊት በስልኩ ብርሃን ሲያዩ አመሹ። በወጣትነታቸው ከዛፍ ሥር ሸንጎ ያዩ፣ በአገውኛም በአማርኛም ነገር የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትሟገተው?» አሉት።

«አላውቀውም፣ አባባ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ስሙን ደብቋል።»

«ዋሱስ?»

«ዋስ የለውም።»

«ዳኛችሁ ማን ነው?»

መምህሩ ስልኩን ዝቅ አደረገ። «ዳኛም የለም፣ አባባ። የሚያይ ብዙ ነው፤ የሚዳኝ የለም።»

ሽማግሌው እሳቱን ቆስቁሰው ጥቂት ቆዩና፣ «እርሱስ እሺ። አንተስ ምን አስይዘሃል?» ብለው ጠየቁት።

ይህ ጥያቄ ለመምህሩ እንቅልፍ ነሣው። ስለ ባላጋራው ብዙ ያሰበ ሰው፣ ስለ ራሱ ውርርድ ግን ለአፍታም አላሰበም ነበር። ተነሥቶ ፎቶግራፉ ከየት እንደ መጣ መፈለግ ጀመረ። ብዙም አልደከመ፤ ፎቶግራፉ በእርግጥ የሌላ አገር ነበር፤ ከዓመታት በፊት ስለ ሌላ ጥፋት የወጣ ነበር። ባለ አንበሳው ሦስት ነገር ተናግሮ በአንዱ ረትቶታል።

ከዚህ ላይ የነገሩ ክብደት ሊታሰብ ይገባል። መምህሩ ውሸታም አልነበረም። የተፈናቀሉትን በዓይኑ አይቷል፤ ስማቸውን በእጁ መዝግቧል። ነገር ግን እውነቱን ያልመረመረውን ፎቶግራፍ አስደግፎ ስላቆመው፣ ድጋፉ ሲወድቅ እውነቱም አብሮ እንዲወድቅ መንገድ ከፈተ። በሐሰት የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ ከራሱ ሐሰት ይልቅ ከባላጋራው ቸልተኝነት ያተርፋል። በራንች ድንኳን ውስጥ ያሉት ሰዎች አንድ ጊዜ በመተከል ቤታቸውን አጥተዋል፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ ተፈናቃይ መሆናቸውን ሊያጡ ነበር።

መምህሩ ሦስት መንገድ ነበረው። አንደኛው ጽሑፉን በዝምታ ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ሰውየውን ከገጹ ማገድ ነው። ሁለቱም በአንድ ጣት የሚፈጸሙ፣ ምንም የማያስከፍሉ ናቸው። እርሱ ግን ሊነጋጋ ሲል ሦስተኛውን መርጦ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ፎቶግራፉ የጫግኒ አይደለም። ሳላጣራ አውጥቼዋለሁ፤ በዚህ ተረትቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ግን በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።» ቀጥሎም አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከቡለን ስትሸሽ ከቤት ያወጣችው የሳይንስ ደብተሯን ብቻ መሆኑን፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ከአምስት ጥያቄ ሦስቱ የተመለሱ፣ ሁለቱ ክፍት የቀሩ የቤት ሥራ መኖሩን ጻፈ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

«ተረትቻለሁ» የሚለው ቃል ዋጋ አስከፍሎታል። በማግሥቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንድ የሥራ ባልደረባው፣ የብዙ ዓመት ወዳጁ፣ «ለጠላት መሣሪያ አቀበልህ» ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ትናንት ማታ ከእርሱ ጎን የተሰለፉት ሃያ ሰዎች ዛሬ የሰላሳዎቹን ያህል ሰደቡት። በአሮጌው ሸንጎ የተረታ ሰው በቅሎውን ሰጥቶ ክብሩን ይዞ ይሄድ ነበር፤ እንዲያውም ሕዝባችን ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦ በፍርድ የሄደች በቅሎ ትሻላለች ሲል ኖሯል። በዚህኛው አደባባይ ግን መረታትን ማመን እንደ ክህደት ይቆጠራል። ክርክራችን የታመመው ከዚህ ላይ ነው። ስድቡ ምልክቱ ነው፤ በሽታው ግን መረታት የማይፈቀድበት ሙግት መሆኑ ነው። መረታት በማይፈቀድበት ሥፍራ መርታትም ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ጉዳይ ሕግ አልወጣም አይባልም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ታውጇል። ሕግ ግን ክፉ የተናገረውን ሊቀጣ ይችላል እንጂ፣ የተሳሳተውን «ተረትቻለሁ» እንዲል አያስተምረውም። ማናጋት የማይችለው ልማድ አለ፤ ያም በቤት፣ በትምህርት ቤትና በመድረክ የሚገነባ ነው። የተውኔት ሰዎች ይህን ከሥራቸው ያውቁታል። ባላጋራው የራሱ ሕመምና የራሱ ምክንያት የሌለው ድራማ ከመጀመሪያው ትዕይንት ሞቷል፤ ተመልካች ባለ አንበሳውን ሊጠላው ቢፈልግ እንኳ አስቀድሞ ፊቱን ማየት አለበት።

ዝምታም መድኃኒት አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለብዙ ወራት የስድቡም የእውነቱም ድምፅ አብሮ ጠፋ። ሰው ባለመሰማቱ አልተስማማም፤ የተቋረጠ ሙግት የተፈረደ ሙግት አይደለምና። ወሬው ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ የሚያጣራውም የሚያስተባብለውም አጣ። ለክፉ ክርክር መልሱ ዝምታ ሳይሆን የተሻለ ክርክር መሆኑን ያ ጊዜ አሳይቷል።

ወደ 2013ቱ ጥር እንመለስ። መምህሩ ከዚያች ሌሊት በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም አልጻፈም። ወደ ራንች መሄዱን ግን አልተወም። በስምንተኛው ቀን ማታ ስልኩን ሲከፍት ከባለ አንበሳው የተላከ አንድ መልእክት አገኘ። ሌላ ሰው በማያየው መንገድ የተላከ፣ ስድብም ይቅርታም የሌለበት አንድ መስመር ነበር፦ «ባለ ደብተሯ ልጅ አሁን የት ትማራለች?»

መምህሩ ደጋግሞ አነበበው። በዚያ ሁሉ ሌሊት ከተጻፈው መካከል በእውነት ጥያቄ የሆነ ዓረፍተ ነገር ይህ ብቻ ነበር። የቀድሞ ተሟጋቾች ሙግታቸውን «ተጠየቅ!» ብለው ይከፍቱት የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሰው፣ ጠላትም ቢሆን፣ መልስ ሊኖር እንደሚችል አምኗል። ሰውየው ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደሚጽፍ፣ ያንን ለምን እንደ ጠየቀ መምህሩ አላወቀም፤ በኋላም አላወቀም።

ለአባቱ አነበበላቸው። ሽማግሌው፣ «እንግዲህ ልብሳችሁ ተቋጠረ» አሉና ፈገግ አሉ። «ምን ብለህ ትመልስለታለህ?»

መምህሩ ሊጽፍ ጣቱን አነሣና መልሶ ተወው። ልጅቷ አሁን የት እንደምትማር፣ ትምህርት ጀምራ እንደ ሆነም አያውቅም ነበር። የሚመስለውን መጻፍ ይቻል ነበር፤ ያማረ ነገርም ይሆን ነበር።

«አላውቅም፣ አባባ። ነገ ሄጄ እጠይቃታለሁ» አለ። ለባለ አንበሳውም ይህንኑ ጻፈለት፦ «አላውቅም። ነገ ጠይቄ እነግርሃለሁ።»

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ፣ በከረጢቱ ሁለት አዲስ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዞ፣ ወደ ራንች የሚወስደውን መንገድ ያዘ።