ሦስት ከተማ፣ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ

በነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ እኔ፣ ባለቤቴና የስምንት ዓመት ልጃችን ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣን። የምንኖረው ቡራዩ ነው። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ሱሉልታ፣ የእናቴ ቤት ደግሞ ሰበታ ነው። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው፤ እኛ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የምንሄደው አሁንም አዲስ አበባን እያቋረጥን ነው።

ለፍለጋው ምክንያት ነበረን። ሰኔ ላይ ካርድ ልንቀበል ስንሄድ መምህርቷ «ልጅቷ ንባብ ላይ ዘገምተኛ ናት» አለችን። ልጄ እጄን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ሲገለጥ ሆዷን ያማታል።

ጠዋት ወደ ሱሉልታ አቀናን። በአዲሱ ገበያ በኩል ሽቅብ ወጥተን የእንጦጦን ጀርባ ስናልፍ ብርዱም ሜዳውም አንድ ላይ ተቀበሉን። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሯጮች የሚወዷትም ለዚሁ ነው። ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ መም ያሠራው እዚሁ ነው። በመንገዱ ዳር ሲሮጡ ያየናቸውን አትሌቶች ልጄ እስክትሰለች ቆጠረቻቸው። ሜዳው የክረምቱን ውሃ አቁሮ፣ ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ሣር ውስጥ ገብተው ነበር።

ያየነው ትምህርት ቤት አዲስና የሚያምር ነው። ስለ ኮምፒውተር ክፍሉ፣ ስለ ሰርቪሱና ስለ ዩኒፎርሙ ብዙ ተነገረን። «በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይማራል?» ብዬ ስጠይቅ «እንደ ምዝገባው ነው» ተባልኩ። እኔ ራሴ ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ፣ ሰው እንደዚያ የሚመልሰው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከሰዓት ሰበታ ገባን። ዓለም ገናን ካለፉ በኋላ ፋብሪካውና መኖሪያው ተቀላቅሎ ይቀጥላል፤ የወጨጫ ተራራ በስተቀኝ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። ለእኔ ግን ሰበታ ማለት መርሐ ዕውራን ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው ይህ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆችን በብሬል አስተምሯል። ከእነሱም ብዙዎቹ ተመልሰው የዓይናሞች አስተማሪ ሆነዋል።

የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ መምህሬ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ከእኛ አንዱ ነው፤ እሳቸው ማስታወሻቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ ያስተምራሉ። ለንባብ ስንነሣ የሚንተባተብ ካለ ክፍሉ ይስቃል። ያን ጊዜ ጣታቸውን ያነሡና «ፊደሉ የትም አይሄድም፤ ቀስ በይ» ይላሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁ! ከምንተባተቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ዛሬ በየስብሰባው ቆሜ የምናገርበትን ድፍረት ያገኘሁት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እናቴ ቤታቸውን ስለምታውቅ ይዛን ሄደች። ድምፄን ወዲያው አላወቁትም። «የት ነበር የምትቀመጪው?» አሉኝ። «መስኮቱ ጋ፣ ሦስተኛው ዴስክ።» ሣቁ። «እሷ! ስታነብ የምታንሾካሹከዋ!»

ስለ ልጄ የሰኔውን ነገር ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። ከጠረጴዛው ላይ የታሸገ ብስኩት አንሥተው ሰጧትና «ልጄ፣ ጊዜው አልፎበት እንዳይሆን እስቲ አንብቢልኝ» አሏት። ልጄ ቀና ብላ ዓይናቸውን አየች፤ የእውነት እንደሚፈልጓት ገባት። እሽጉን አገላበጠች። «ከ... ዚህ... ቀን... በፊት...» ላበቷ እስኪረጥብ ታገለች። እኔ ልነግራት አፌን ስከፍት ቲቸር ጣታቸውን አነሡ። እንደገና ሰባተኛ ክፍል ገባሁና ዝም አልኩ። ጨረሰችው። ብስኩቱ ጊዜው አላለፈበትም፤ በላነው።

ሰኞ ዕለት ቡራዩ፣ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ የሚሆን ትምህርት ቤት ሄድን። ግቢው ጠባብ ነው፤ ቀለሙም ተልጧል። የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ግን ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ አስነበበቻትና እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ ልጅቷ በአንድ ጊዜ ሦስት ንባብ ነው የምትማረው። አማርኛውን በፊደል፣ አፋን ኦሮሞውን በቁቤ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ እንደገና በላቲን። በእንግሊዝኛ «ኤክስ» የምትለው ፊደል በቁቤ «ጥ» ነው፤ «ሲ» የምትለው ደግሞ «ጭ»። «እሷ የምትቆመው ስለማታውቅ አይደለም፤ የትኛው ቋንቋ እንደሆነ እየመረጠች ነው» አለችን። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። እዚያው አስመዘገብናት።

ትምህርት ቤት እየፈለጋችሁ ያላችሁ ወላጆች፣ ስለ ክፍያውና ስለ ሰርቪሱ መጠየቃችሁ አይቀርም። አንድ ነገር ግን ጨምሩበት፦ ልጃችሁ መምህሩ ፊት ጥቂት መስመር ያንብብና፣ ሲሰናከል መምህሩ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ።

ልጄ አሁንም ፈጣን አንባቢ አይደለችም። ሆዷን ማመሙ ግን ቀርቷል። ሱቅ ስንገባ እሽጉን ሁሉ እያገላበጠች «ጊዜው አላለፈም» ትለኛለች። ከኋላችን ያለው ሰው ይቸኩላል። እኔ አልቸኩልም።