ለአባቴ ፂም መከርከሚያ ፍለጋ መርካቶ

መርካቶ ውስጥ ሁሉም ነገር ተራ አለው። ሸማ የሚፈልግ ሸማ ተራ፣ ከአሮጌ ብረት የተሠራ ዕቃ የሚፈልግ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ፂም መከርከሚያ ግን የራሱ ተራ የለውም። መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ከካልሲና ከጥፍር መቁረጫ ጋር ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ፤ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ከሞባይል ቻርጀር ጎን ይቀመጣል፤ የፀጉር ቤት ዕቃ የሚያቀርቡ ሱቆች ደግሞ ከወንበርና ከመስታወት ጋር ይሸጡታል። በሦስቱም ቦታ ዕቃውም፣ ዋጋውም፣ ምክሩም ይለያያል። ስለዚህ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው ለማን እንደሚገዛ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ገበያው ራሱ እዚህ ቦታ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባሉት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ጣሊያኖቹ ገበያውን ለሀገሬው ሰው ብለው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት አሮጌው ሰፈር ፒያሳ፣ አዲሱ መርካቶ ተብለው ቀሩ።

አባዬ ፂማቸውን ሲያስተካክሉ የኖሩት እዚያው ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም አካባቢው ለልማት ሲፈርስ ግን የለመዱት ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። አሁን ቅርባችን ያለው ፀጉር ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ የአባዬ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይችልም። ፂማቸው ለሦስት ወር ያህል ሳይነካ አደገ። ምግብ ሲበሉ ከንፈራቸው ላይ ያስቸግራቸው ጀመር። ቀጥሎም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ። «እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት አልቆምም» አሉ።

ቤት ውስጥ በምላጭ እንዳናስተካክላቸው የሚያግድ ነገር አለ። አባዬ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳሉ። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በትንሹ እንኳ ቢቆረጥ ደሙ ቶሎ አይቆምም፤ ሐኪሞች በምላጭ ፋንታ የኤሌክትሪክ መላጫ እንዲጠቀም የሚመክሩትም ለዚህ ነው። እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። 17 ዓመት የሞላው ልጄ በበኩሉ ፂሙ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ በምላጭ በተላጨ ቁጥር አንገቱ ላይ ሽፍ ይልበታል። እናም የቅዳሜ ገበያ ሳይሞላ፣ እኔና ልጄ በጠዋት አውቶቡስ ተራ ወርደን በእግራችን ወደ ራጉኤል አቅጣጫ ጉዞ ጀመርን። አባዬ ከቤት ስንወጣ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጆሮዬ ሥር የሚጮህ ነገር እንዳታመጡ።»

መጀመሪያ ያገኘነው መንገድ ዳር የዘረጋ ወጣት ነበር። «እናት፣ ለማን ነው?» አለኝ። ባለ ፕላስቲክ እጀታ ምላጭ፣ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ የሚገባበት የብረት መላጫ፣ አነስተኛ መቀስም አለው። ምላጭ ርካሽ ነው፤ መብራት አይፈልግም፤ ጥርት አድርጎም ይላጫል። ፀጉሩ ጥቅልል ለሆነ ሰው ግን ጣጣ አለው። በጣም ተጠግቶ የተቆረጠ ፂም ሲያድግ ተጠማዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ የልጄ አንገት ላይ የሚወጣው እብጠትም ከዚህ የሚመጣ ነው። እንዲህ የሚሆንበት ሰው ፂሙን ሙልጭ አድርጎ ከመላጨት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢያስቀር ይሻለዋል። ከወጣቱ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቀስ ገዛን። ከንፈር ላይ የሚወርደውን የአባዬን ሪዝ ለማስተካከል ከዚህ የተሻለ የለም፤ ጫፉ ሹል የሆነውን ግን ፊት አካባቢ አታስጠጉ።

ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ስንገባ በመብራት የሚሠራው ሁሉ አንድ መስሎ ተደርድሯል። ሦስት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ትልቁና ከበድ የሚለው ቶንዶስ ለራስ ፀጉር የተሠራ ነው። ትንሹና ጠባብ አፍ ያለው ትሪመር ለፂም ነው። ሦስተኛው አፉ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት የተሸፈነበት ሲሆን፣ እስከ ቆዳ ድረስ ስለሚላጭ ለረጅም ፂም አይሆንም። ፂሙን ማሳጠር እንጂ መላጨት ለማይፈልግ አዛውንት የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

የመምረጫ ዘዴውን ያሳዩን ግን የፀጉር ቤት ዕቃ የሚሸጡ ጎልማሳ ባለሱቅ ናቸው። ትሪመሩን ብርሃን ላይ ያዙት። ጥርስ ያላቸው ሁለት ስለቶች አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ የሚንቀሳቀሰው ከማይንቀሳቀሰው አልፎ ከወጣ ቆዳ ይቆርጣል። ቀጥለው አስነሡትና ለልጄ አስጨበጡት። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚግል ወይም እንደ ወፍጮ የሚጮህ ከሆነ አትግዙ አሉን። የመጀመሪያው ጮኸ፤ የአባዬን ቃል አስታውሰን መለስነው። ሦስተኛው ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ማብሪያውም ሰፊ ነበር።

ከዚያ የሚገጠሙትን ማበጠሪያዎች ቆጠርን። ፀጉር አስተካካዮች «በአንድ ልሂድ ወይስ በሁለት?» የሚሉት እነዚህን ነው። በተለመደው አቆጣጠር ቁጥር 1 ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 2 ወደ 6፣ ቁጥር 3 ወደ 10፣ ቁጥር 4 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ፀጉር ያስቀራል። ሁሉም አምራች ይህን ስለማይከተል ማበጠሪያው ላይ የተጻፈውን ሚሊ ሜትር እዩ። ባትሪ ያለው ዕቃ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል፤ ባትሪው በደከመ ጊዜ ገመዱ ተሰክቶም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢልክላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይሠራል፤ 110 ወይም 120 ብቻ ከሆነ ይቃጠላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ ዕቃውን እዚያው አስሞክራችሁ፣ ደረሰኝ ይዛችሁ ውጡ።

ዋጋ ላይ ስንደርስ ልጄ «እማዬ፣ አንዱ ለሁለታችን አይበቃም?» አለ። ባለሱቁ ቀደሙኝ፤ «ልጄ፣ የጥርስ ብሩሽህን ከአያትህ ጋር ትጋራለህ?» አሉት። ስለት ቆዳን ሳይታይ ሊጭር ይችላል። በደም የሚተላለፉት የጉበት ቫይረሶችና ኤችአይቪ፣ እንዲሁም ጭርት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ሁለት መግዛት ለማይችል ቤተሰብ የሚሆን ዘዴም ነገሩን፦ አፉ የሚነቀል አንድ ማሽን ገዝቶ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አፍ መያዝ። እኛም እንዲሁ አደረግን። የአባዬን አፍ በቀይ ክር ምልክት አደረግንበት።

አያያዙ ቀላል ነው። ከተጠቀማችሁ በኋላ አጥፍታችሁና ከሶኬት ነቅላችሁ ፀጉሩን በብሩሽ አራግፉ፤ ስለቱን በ70 በመቶ አልኮል አጽዱና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት አድርጉበት። ውኃ እንደሚችል ካልተጻፈበት አታጥቡት።

በማግስቱ እሁድ ቅዳሴ ነበርና ሥራውን ያንኑ ቀን ከሰዓት ጀመርን። ወንበር መስኮት ዳር አድርገን አባዬን አስቀመጥን። የደረቀ ፂም ርዝመቱ በደንብ ስለሚታይ ውኃ አላስነካንም። ልጄ መጀመሪያ አበጠረ፣ ከዚያ ረጅሙን ማበጠሪያ ገጥሞ ከጉንጭ ወደ አገጭ ቀስ እያለ ወረደ። በረጅሙ የጀመረ ማሳጠር ይችላል፤ በአጭሩ የጀመረ ግን መመለሻ የለውም። አንገት ላይ ሲደርስ ቆዳውን በሌላ እጁ ወጠር አደረገ። አባዬ መስታወት ይዘው «ከዚህ ጋ ተው፣ በቃ፣ እሱን አትንካ» እያሉ አዘዙ። አንድም ጠብታ ደም አልወጣም። ነጩ ፀጉር ፎጣው ላይ ሲከመር ልጄ «አባባ፣ ይኼ ሁሉ የት ነበር?» አለ፤ ሳቁ።

ማታ አባዬ ነጠላቸው ታጥቦ እንደሆነ ጠየቁኝ።