ያልተጣራ መርዶ

ሐዋሳ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ የሠራሁትን በደል እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ እንኳ በሙሉ አልተናገርኩም።

እሑድ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ቦና ዙሪያ ወረዳ ውስጥ ሰርገኞች የጫነ አይሱዙ ገላና ድልድይን ስቶ ወንዝ ገባ። 71 ሰው አለቀ፤ 68ቱ ወንዶች፣ 3ቱ ሴቶች። በማግስቱ ጠዋት የቦናን መኪና የሚጠብቀው ሰው ግቢውን ሞላው። ሻንጣ የያዘ ጥቂት ነው። ነጠላውን ያዘቀዘቀም አለ፤ ላዘቅዝቅ አላዘቅዝቅ እያለ ጫፉን የሚያፍተለትልም አለ።

በቴሌግራም አንድ ፎቶ ደረሰኝ። ሳር ላይ የተዘረጉ ሬሳዎች ናቸው። ከዳር ያለው ፊቱ ጭቃ ለብሷል፤ ጃኬቱ ጥቁር ነው፣ እጅጌው ላይ ቀይ መስመር አለው። በራችን ላይ ቡና የምታፈላው እናት ልጅ እንዲህ ያለ ጃኬት አለው። ለሰርጉ መሄዱን ነግራኛለች፤ ስልኩ አይሠራም እያለች ከንጋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቷታል።

ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። «እማ፣ እሱ ነው» አልኳት። «ይሆን እንዴ?» እንኳ አላልኩም። የሬሳው ፊት አይታይም፤ እሷም ያየችው የኔን ፊት ነው። ያመነችውም ከኔ ፊት ላይ ነው።

መርዶ ወግ እንዳለው አላውቅም ማለት አልችልም። አጎቴ የሞተ ጊዜ ሬሳውን ያየ ሰው እስኪመጣ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዞ ከረመ። እናቴ የተረዳችው በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በሽማግሌ አፍ ነበር። እኔ ግን «ዲላ! ዲላ!» እያሉ ረዳቶች በሚጮሁበት መሀል፣ ብቻዋን እንደቆመች ነገርኳት። ያዘንኩላት መስዬ ነበር። ውስጤ ግን ሁሉም በሚጠይቅበት ሰዓት የሚያውቀው እኔ በመሆኔ ደስ ብሎት ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል። ደስታው አልበቃኝ ብሎ ፎቶውን የልጁን ስም ጽፌበት ለሦስት ግሩፕ ላክሁት።

ልጁ ማክሰኞ ማታ በእግሩ መጣ። መኪናው ሞልቶበት ቀርቶ ኖሯል፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሶበት ነው። እልልታው ግቢውን አናወጠው። እናቱም «ተወው ልጄ፣ ልቤ ተመልሷል» ብላ ይቅር አለችኝ፤ እኔም ቀለለኝ።

ቀናት አልፈው ነው ሌላው የታየኝ። ታዲያ ፎቶው ላይ ጃኬቱን የለበሰው ማን ነበር? ያን ጃኬት በራችን ላይ አዟሪዎች ከምረው ይሸጡታል። ሬሳውን ሊያመጡ የእናቲቱ ወንድሞች መኪና ተኮናትረው ነበር፤ ልጁ አንድ ቀን ቢዘገይ የሌላ እናት ልጅ በኔ ቃል እዚህ በተቀበረ ነበር። በእልልታችን መሀል ስለሱ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ባዶ ሣጥን ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ፤ ለቤተሰብ የተሰጠው ከቦታው የተዘገነ አፈር ነበር። የሟቾቹ ማንነት ከዘመድ በተወሰደ ዘረመል እስኪለይ ወራት አለፉ። ያኔ «ምን ጭካኔ ነው!» ብዬ ተናድጃለሁ። በእንዲህ ያለ አደጋ ኢንተርፖል የሚያምነው የጣት አሻራን፣ ጥርስንና ዘረመልን ነው፤ ልብስና መልክ ብቻቸውን አይበቁም። ምክንያቱን የተማርኩት በዚያች እናት ላይ ነው። ጎፋ ላይ በሐምሌ 2016 መሬት ሲናድ ሰው ጎረቤቱን በአካፋና በእጁ እየቆፈረ አውጥቷል። በእንዲያ ያለ ቦታ ላቦራቶሪ አይጠበቅም፤ ነገር ግን ሟቹን የሚጠራው አብሮት የኖረ ሰው ነው። እኔ የማውቀው ጃኬት ነበር።

ፎቶውን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ከወር በኋላ ግን ከሞያሌ አውቶብስ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱና የእናቲቱን ስም ጠርተው «የልቅሶው ቤት በየት ነው?» አሉኝ። አጎቷ ናቸው፤ ፎቶው ደርሷቸው ነው። እጃቸውን ይዤ ወደ ቡናው ወሰድኳቸው። ልጁ ከሰል እያራገበ ነበር። ጃኬቱን ለብሷል።